ተበድሬ አስራት አወጣለሁ፤ ባለቤቴ ግን አያውቅም

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ካገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ነን። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ለወራት ሥራ ፈትቶ ነበር። ያኔ እንዳይጨነቅ ብዬ ሳልነግረው ከሥራ ባልደረቦቼ እየተበደርኩ ቤቱን ደጎምኩ። ሥራ ሲያገኝ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ግን አንዱን ለመክፈል ከሌላው እየተበደርኩ እዚህ ደረስኩ። አሁን የሁለት ባልደረቦቼ ዕዳ አለብኝ። በወር 3 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት ብድርም ወስጃለሁ። ልጆቼን የምትጠብቅልኝ ልጅም የሁለት ወር ደመወዟን አልከፈልኳትም፤ እሷ እንኳ ታጋሽ ናት።

በዚህ ሁሉ መሀል አስራቴን አቋርጬ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ያወጣሁት ተበድሬ ነው። ካላወጣሁ የሰማይ መስኮት ይዘጋብኛል ብዬ እፈራለሁ። ዓምና ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ምእመኑ ቃል ሲገባ እኔም ተነሥቼ የሁለት ወር ደመወዜን እሰጣለሁ አልኩ፤ እስካሁን አልሰጠሁም። ባለቤቴ ከዚህ አንዱንም አያውቅም። የሚቆረጥብኝ በዝቶ ደመወዜ ያነሰ ይመስለዋል። ማታ ራት ላይ ስልኬ ሲጠራ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ዕዳዬን እስክጨርስ አስራት ላቁም? እምነት ማጣት አይሆንብኝም? ለባለቤቴስ ልንገረው ወይስ ዝም ብዬ ከፍዬ ልጨርሰው?

መስኮቱ የተዘጋባት»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስደግመው ልቤን የያዘው አስራቱም ሕንፃውም አይደለም፤ በአንዲት ሐረግ ያለፍሽው ነገር ነው፦ «እሷ እንኳ ታጋሽ ናት»። ወደ እሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ይህን ልበልሽ፦ ባልሽ እንዳይሸማቀቅ፣ ልጆችሽ እንዳይጎድልባቸው፣ እግዚአብሔርም እንዳያዝንብሽ ብለሽ ሦስቱንም ሸክም ብቻሽን ተሸክመሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ይዞ መተኛትና መነሣት ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ጣቴን ልቀስርብሽ አልችልም።

የማውቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። በትዳራችን መጀመሪያ ዓመታት ላይ ከባለቤቴ ደብቄ የያዝኩት ዕዳ ነበረብኝ። የአበዳሪዎቹን ስምና መጠኑን የጻፍኩባትን ቁራጭ ወረቀት አጣጥፌ በመዝሙር ደብተሬ ሽፋን ውስጥ አስቀምጣት ነበር። ለመዘመር ደብተሩን ስከፍት ወረቀቷ በጣቶቼ ሥር ትሰማኛለች። አንድም መዝሙር ከልቤ አልዘመርኩም። በመጨረሻ ስነግረው ባለቤቴ ገንዘቡን አላነሣብኝም። «ስንት ቀን ‹በእጃችን ገንዘብ አለ?› ብዬ ጠይቄሽ ‹አለ› አልሽኝ?» ነው ያለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዕዳውን አብረን በአንድ ዓመት ከፈልነው፤ ያ «አለ» ያልኩት ግን ከልቡ እስኪወጣ ከዚያ በላይ ቆየ።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ንገሪው። ከፍለሽ ከጨረስሽ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ ገና ዕዳው ሳለ። ከፍለሽ ብትነግሪው የምትነግሪው ያለፈ ታሪክ ነው፤ አሁን ብትነግሪው ግን አብሮሽ እንዲሸከም እየጠራሽው ነው። ደግሞም ብቻሽን ልትጨርሺው አትችይም፤ ቢቻልሽ ኖሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕዳው ይቀንስ ነበር እንጂ አይጨምርም ነበር።

እንዴት እንደምትነግሪው አስቢበት። ልጆቹ በተኙበት፣ ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ሰዓት ይሁን። አስቀድመሽ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ ለማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ወለድ። ለሕንፃው የገባሽውን ቃልም፣ የልጅቷን ሁለት ወርም ጻፊ። አንዱንም አታስቀሪ። ትንሿን አስቀርተሽ ትልቁን ብትነግሪው፣ ትንሿ በኋላ ስትወጣ ከትልቁ የበለጠ ታቆስለዋለች። ከዚያ ምክንያቱን ሳይሆን ቁጥሩን አስቀድሚ። እኛ ሴቶች ብዙ ጊዜ «ለአንተ ብዬ ነው» ብለን እንጀምራለን፤ እውነት ቢሆንም ሰውየው ገና ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጥፋተኛ ሆኖ ይቀመጣል። «ይህን ያህል ዕዳ አለብን፤ ደብቄሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» በዪውና ወረቀቱን ስጪው። ቢቆጣ ይቆጣ። ዝም ቢል ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩዪ። እጁን ያነሣብኛል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ግን ብቻሽን አትንገሪው፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው አስቀምጠሽ ንገሪው።

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ።

የሰማይ መስኮት የሚለውን ቃል የወሰድሽው ከትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10 ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃት ይህችን ቁጥር ብቻ ነው። አምስት ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብለሽ ቁጥር 5ን አንብቢ። እዚያ እግዚአብሔር ለፍርድ እንደሚቀርብ፣ ከሚመሰክርባቸውም መካከል የሠራተኛን ደመወዝ የሚከለክሉ እንዳሉ ይናገራል። አስራት አግቡ ያለው አምላክ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ ከዚያ አስቀድሞ፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ተናግሯል። በኦሪት ዘዳግም 24፥15 ደግሞ የምንደኛውን፣ ማለት የቅጥር ሠራተኛውን፣ ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ ስጠው ይላል፤ ምክንያቱንም ሲነግር ድሀ ነውና ነፍሱ በእርሱ ላይ ተስፋ አድርጋለች፣ ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽብህ ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብም በምዕራፍ 5 ያልተከፈለ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ብሏል።

ታጋሽ ናት ብለሻል። እህቴ፣ ታጋሽ ትሁን ወይስ አማራጭ ስለሌላት ዝም ትበል በምን ታውቂያለሽ? ባልደረቦችሽ ስልክ መደወል ይችላሉ። ያ በወለድ ያበደረሽም ውል አለው። እሷ ግን ጠዋት ልጆችሽን ታጥባለች፣ ማታ ታስተኛለች፤ «ደመወዜስ?» ብላ ብትጠይቅ ሥራዋን እንደምታጣ ታስባለች። ከአበዳሪዎችሽ ሁሉ ድሀዋ እሷ ናት፤ ያላስቸገረችሽም እሷ ብቻ ናት፤ በዚህም ምክንያት ወደ ኋላ ቀርታለች። ሁላችንም የሚጮኸውን አስቀድመን ዝም ያለውን እናቆያለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ሆኖም ሁለቱን ወር በሙሉ ያወጣሽውን አስራት ሳስበው፣ ከዚያ ውስጥ የእሷ ገንዘብ እንዳለበት መካድ አልችልም። የሌላ ሰው ላብ ገና በእጅሽ ሳለ ከዚያ ላይ ቆርሰሽ ለእግዚአብሔር ብትሰጪ፣ የሰጠሽው ያንቺው ነው አይልሽም፤ የሷን መልሺላት ይልሻል። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባህን ይዘህ ወደ መሠዊያው መጥተህ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ብታስብ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ፣ ከዚያ መጥተህ አቅርብ ብሏል። መባውን አቅርብና ከዚያ ሂድ አላለም።

ስለዚህ በደብተርሽ ላይ የመጀመሪያዋ መስመር የእሷ ደመወዝ ይሁን። ከአስራቱም፣ ከወለዱም፣ ከባልደረቦችሽም በፊት።

አሁን ስለ አስራቱ። ክርስቲያኖች አስራት ዛሬም ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ ነው በሚለው አንድ አይደሉም፤ የቤተ ክርስቲያንሽን ትምህርት እኔ በዚህ ዓምድ አልሽረውም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ፦ ተበድረሽ አስራት አታውጪ። በኦሪት ዘዳግም 14፥22 አስራት ይወጣበታል የተባለው በየዓመቱ ከእርሻ የሚገኘው የዘር ፍሬ ነው። ፍሬ ማለት የተገኘ፣ የጨመረ ነገር ነው። ብድር ፍሬ አይደለም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፣ ነገ የሚመለስ። ከብድር አስራት ማውጣት ከጎረቤት በውሰት ካመጡት በግ ላይ በኩራት እንደማቅረብ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 ላይ ስለ መስጠት ሲጽፍላቸው፣ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ነው እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም ብሏቸዋል። አንቺ ላለፉት ወራት የሰጠሽው እንደሌለሽ መጠን ነው።

ከደመወዝሽ ግን ስጪ። ዝም ብለሽ አቁሚ የማልልሽ፣ መስጠት የለመደ እጅ አንዴ ከታጠፈ ዳግም ለመዘርጋት እንደሚከብደው ስላየሁ ነው። መጠኑን ከባለቤትሽ ጋር ወስኑ፤ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለመጋቢሽ ሁኔታሽን ሳትሸፋፍኚ ንገሪና ምክሩን ስሚ። ለጊዜው ከአሥር አንድ ባይሞላ እግዚአብሔር ምን እንዳለሽ ያውቃል። በሕጉ ውስጥ እንኳ በግ መግዛት ላልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች፣ ያንንም ላልቻለ ጥቂት ዱቄት ተፈቅዶለት ነበር። እመቤታችን ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ኢየሱስን ወደ ቤተ መቅደስ ሲያመጡት ያቀረቡት የድሆቹን መሥዋዕት ነው።

ከዚህ ጋር የፍርሃትሽን ነገር ላንሣ። ካልሰጠሁ ይዘጋብኛል፣ ከሰጠሁ እጥፍ ይመለስልኛል የሚለውን ትምህርት ብዙ ቦታ እሰማለሁ፤ ብዙ ሰውም በእሱ ተጎድቶ ሲጽፍልኝ አያለሁ። እግዚአብሔር የሰጠውን ሰው ይባርካል፣ አምናለሁ። ነገር ግን ፍርሃት የሚያስወጣው ገንዘብ ከግብር በምን ይለያል? ያው ጳውሎስ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 9 በኀዘን ወይም በግድ አይደለም ይላል። አንቺ ሁለቱም ነበሩብሽ።

ለሕንፃው የገባሽው ቃል ቀላል ነገር አይደለም፤ ቃል ቃል ነው። መጽሐፈ መክብብ ለእግዚአብሔር ተስለህ ካልከፈልህ ባትሳል ይሻልህ ነበር ይላል። ነገር ግን የኦሪት ሕግ መውጫም ሰጥቷል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በኦሪት ዘሌዋውያን 27፥8 ስእለት የተሳለው ሰው የተገመተውን ለመክፈል ድሀ ከሆነ፣ ወደ ካህኑ ይቅረብና ካህኑ እንደ ተሳለው ሰው አቅም ይገምትለት ይላል። ልብ በይ፦ ሰውየው ራሱ ቀንሶ አይሰጥም፣ ተደብቆም አይቀርም። ይቀርባል፣ አቅሙን ይናገራል፣ እንደገና ይገመትለታል። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያናችሁ ኃላፊ ሂዱ፤ «ቃል ስገባ ዕዳ ነበረብኝ፣ ባለቤቴንም አላማከርኩም፤ አሁን አቅማችን ይህ ነው» በሉ። እግዚአብሔርን የሚፈራ አገልጋይ ይህን ሰምቶ አያስጨንቃችሁም። ቢያስጨንቅ እንኳ ከእናንተ ጋር ያለው ቃሉ ነው።

ወደ ገንዘቡ አሠራር ልግባ፤ ጸሎቱን ይዘሽ ሒሳቡን ከተውሽው እንደገና እዚሁ ትገኛለሽና።

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ አበዳሪ ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት የመጣባት መበለት አለች። ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች እንጂ ዕዳዋን አልደበቀችም። ነቢዩም ተአምሩን ከመሥራቱ በፊት «በቤትሽ ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት። ያላት አንዲት ማሰሮ ዘይት ብቻ ነበር። ዘይቱ ከሞላላት በኋላ ነቢዩ ምን ብሎ እንደነገራት አስተውዪ፦ ሽጪው፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ። በተአምር የመጣ ገንዘብ እንኳ ተራ ነበረው፤ አስቀድሞ ዕዳ፣ ከዚያ ኑሮ። ባለቤትሽና አንቺ መጀመሪያ የምትመልሱት ያንኑ የነቢዩን ጥያቄ ነው። በቤታችሁ ምን አለ? ሁለታችሁ በወር የምታገኙት፣ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ፣ ሊቋረጥ የሚችል ወጪ። አንድ ወር ሙሉ የምታወጡትን ሳንቲም ሳይቀር ጻፉ። ሳይጻፍ የሚወጣ ገንዘብ ሁልጊዜ ከምናስበው ይበልጣል።

የልጅቷ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ቀጣዩ የወለዱ ብድር ነው። በወር 3 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በየወሩ ወለዱን ብቻ እየከፈልሽ ሁለት ዓመት ብትቆዪ ከዋናው 72 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ከፍለሻል፤ ዋናው ግን አንድ ሳንቲም ሳይነካ እንዳለ ይጠብቅሻል። ወለዱን ሳትከፍዪ በዋናው ላይ ከተደመረ ደግሞ በ24 ወር ዕዳው ከእጥፍ ያልፋል። ባልደረቦችሽ ወለድ አይቆጥሩብሽም፤ ይህኛው ግን ስትተኚም ይቆጥራል። ስለዚህ ለሌሎቹ ከተስማማችሁበት ጥቂት ክፍያ የተረፈው ሁሉ፣ ዕቃ ሸጣችሁ ያገኛችሁትም ጭምር፣ በዚህ ብድር ዋና ላይ ይዋል። ስትከፍዪም «ይህ ከዋናው ላይ ነው» ብለሽ አስጽፊ፤ ደረሰኝ ተቀበዪ።

ለአዲስ ብድር በሩን ዝጉ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ መዝሙር 14ን ሲተረጉም (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 15 ነው) አራጣ አበዳሪዎችን አጥብቆ ይገሥጻል፤ ተበዳሪውንም ግን እንዲሁ አላለፈውም። ዕቃህን ሽጥ፣ ልብስህን ሽጥ፣ ነፃነትህን ግን አትሽጥ ነው የምክሩ ሐሳብ። አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ መክፈል ዕዳ መክፈል እንዳልሆነ ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሁለቱን ባልደረቦችሽን ደግሞ ፊት ለፊት አነጋግሪያቸው። ስልኩን መገልበጥ ይብቃ። አንድ ሰው ገንዘቡን ስላጣ ብቻ አይቆጣም፤ ተበዳሪው ሲሸሸው እንደ ተናቀ ይሰማዋል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 6 በቃሉ ለተጠመደ ሰው ሲመክር ሂድ፣ ራስህን አዋርድ፣ ባልንጀራህን ለምን፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ ይላል። ሂጂና «በየወሩ ይህን ያህል በዚህ ቀን እሰጥሃለሁ» በዪ፤ የምትዪው መጠን በጣም ትንሽ ቢሆንም የማታጎድዪው ይሁን። ትልቅ ቃል ገብተሽ በሁለተኛው ወር ከምታጎድዪ፣ ትንሽ ሰጥተሽ በየወሩ ብትደርሺ ይሻላል። ሕንፃው ላይ የሆነው በዚህም እንዳይደገም።

ዕዳ እየከፈላችሁም ከደመወዛችሁ ላይ ጥቂት ለክፉ ቀን አስቀምጡ። በዕዳ ላይ ሳለን ምን ቁጠባ አለ ትዪ ይሆናል። ልጅ አንድ ቀን ቢታመም እጅሽ ባዶ ከሆነ ወደዚያው አበዳሪ ትመለሻለሽ፤ ለዚያ ነው። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ሰባት ዓመታት ከምድሩ ፍሬ አምስተኛውን እጅ አከማችቷል፤ የእናንተ ዓመት የጥጋብ አይደለምና አምስተኛ እጅ አልልሽም። አንድ ሳምንት የሚያኖር፣ ቀጥሎ አንድ ወር የሚያኖር ይሁን። ደመወዝ በገባበት ቀን አስቀምጡት፤ ወሩ መጨረሻ ላይ የተረፈውን እንዳትጠብቁ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ባለቤትሽም በአንድ ማታ ይቅር ላይልሽ ይችላል። ገና ያላየሽው አንድ ነገር ግን ራት ላይ ስልኩ ሲጠራ ሳትገለብጪ ስትተዪው የሚሰማሽ ነው፤ እኔ ያቺን ወረቀት ከመዝሙር ደብተሬ አውጥቼ በጠረጴዛው ላይ በዘረጋሁ ማግስት ተሰምቶኛል።

የሚመጣው ደመወዝ ሲገባ ግን ምንም ሳትነኪ ልጅቷን ጥሪያት። የሁለቱን ወርና የያዝነውን ወር በእጇ ስጫት። ካልሞላ ያለውን ስጫትና የቀረውን የምትከፍዪበትን ቀን ንገሪያት። ባለቤትሽ አጠገብሽ ቢሆን ደስ ይለኛል። «ዘግይቼብሻለሁ፤ ይቅርታ» በያት። ምናልባት «ኧረ ምንም አይደል» ትልሻለች። ምንም አይደል ብትልሽም ይቅርታሽን አትመልሺው፤ ገንዘቡንም እፊትሽ ቁጠሪው በያት።